የንቀት ዋጋ፦ ከሽሮ ሜዳ እስከ ቀጨኔ



ስለ መቻቻልና ስለ ኢኮኖሚ ዕድገት እንድናገር ስጠየቅ መጀመሪያ የታየኝ አደጋው ነው። ርእሱ ለስብከት ይመቻል። ተናጋሪው ሰላም ከሌለ ልማት የለም ይላል፤ አድማጩ ያጨበጭባል፤ ሁሉም ይዞት የመጣውን ሐሳብ ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ስለዚህ ከላይ መጀመሩን ልተወውና ከታች ልነሣ፤ ሸማኔ እግሩን ከሚያስገባበት ጉድጓድ።

ከስድስት ኪሎ ወደ እንጦጦ የሚወጣውን መንገድ ይዛችሁ የአሜሪካን ኤምባሲ ስታልፉ ሽሮ ሜዳ ናችሁ። ግራና ቀኝ ነጠላው፣ ጋቢው፣ ባለ ጥለቱ ቀሚስ ተሰቅሏል። ጥምቀትና ፋሲካ ሲቃረብ፣ የሠርግ ወራትም ሲመጣ መተላለፊያ ይጠፋል። ከውጭ አገር የመጣ ዘመድ ሲመለስ ሻንጣውን የሚሞላው ከዚሁ ነው። ከሱቆቹ ጀርባ ወዳሉት ቀጫጭን መንገዶች ብትገቡ ደግሞ የመወርወሪያው ድምፅ ይሰማችኋል። ሸማኔው በቤቱ ወለል ላይ ከተቆፈረው ጉድጓድ አፍ ተቀምጦ፣ በእግሩ መርገጫውን እየረገጠ፣ በእጁ መወርወሪያውን ከወዲያ ወዲህ ይልካል። ድሩ የፋብሪካ ክር ነው፤ ማጉ ብዙ ጊዜ ሴቶች በእንዝርት የፈተሉት ጥጥ ነው። ጥለቱን ያለ ሥዕል ያለ ወረቀት፣ ክሩን በጣቱ እየቆጠረ ያስገባዋል። ከነዚህ ሸማኔዎች ብዙዎቹ ከጋሞ ደጋ፣ ከዶርዜና ከጨንቻ አካባቢ የመጡ፣ አለዚያም የመጡት ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች ናቸው።

ወረድ ሲባል ቀጨኔ አለ። እዚያ ሸክላ የሚሠሩት ሴቶች ናቸው። ቡና የምናፈላበት ጀበና፣ ወጥ የምንሠራበት ድስት፣ እንጀራ የምንጋግርበት ምጣድ ከእነርሱ እጅ ይወጣል። ጭቃውን ይረግጣሉ፣ በእጅ ያበጃሉ፣ ያደርቃሉ፣ ይተኩሳሉ፤ ያለ ቴርሞሜትር እሳቱን በዓይናቸው ይለኩታል።

በአዲስ አበባ ቤት ውስጥ ከሸማና ከሸክላ የበለጠ የተከበረ ዕቃ አለ? ቅዳሴ የሚኬደው በነጠላ ነው። ሙሽራ የምትደምቀው በጥለት ነው። ሽማግሌ ለዕርቅ የሚቀመጠው ጋቢውን ተከናንቦ ነው፤ እንግዳም የሚከበረው በጀበና ቡና ነው። ዕቃው እንዲህ ሲከበር የሠራው ሰው ግን ለብዙ መቶ ዓመታት ሲሰደብ ኖረ። የምነግራችሁ ስለዚህ ክፍተት ነው። ሥነ ምግባሩን ለሰባኪዎች እተዋለሁ፤ እኔ የምለው ይህ ንቀት ገንዘብ አስከፍሎናል፣ ዛሬም ያስከፍለናል ነው።

ስድቦቹን ታላላቆቻችን ያውቋቸዋል። ሸማኔው ቁጢት በጣሽ ይባል ነበር፣ ብረት ሠሪው ጠይብ፣ ቆዳ የሚያለፋው ፋቂ። ከሁሉ የከፋው ቡዳ የሚለው ነው፤ ዓይኑ ይበላል፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል ተብሎ የሚፈራ ሰው። ይህን አጉል እምነት ነው ብለን ብቻ ካለፍነው የሠራውን ሥራ ሳናይ እንቀራለን። ቡዳ የተባለ ሰው መንደር ዳር ይሰፍራል። ከሌላው ጋር አይጋባም፣ ከአንድ መሶብ አይቆርስም። ልጁ የአባቱን መዶሻ ከመያዝ በቀር ሌላ መንገድ የለውም፤ የጎረቤቱ ልጅ ደግሞ ያን ሙያ ቢወደው እንኳ አይደፍረውም። ንቀቱ ሁለት በር በአንድ ጊዜ ይዘጋል፤ የመውጫውንም፣ የመግቢያውንም።

ነገሩ ከመሬት ጋር የተያያዘበትም ቦታ አለ። ቤተ እስራኤላውያን በ15ኛው መቶ ዓመት፣ በዐፄ ይስሐቅ ዘመን፣ ርስታቸውን እንዳጡ ይተረካል። መሬት ያጣ ሰው ወናፍ ይነፋል፣ ጭቃ ያቦካል፣ ድር ያደራል። ጎንደር ስትገነባ ከድንጋይ ጠራቢዎቿና ከአናጢዎቿ መካከል እነርሱ ነበሩ፤ የገበሬውን ማረሻና ማጭድ የሚቀጠቅጡትም እነርሱ ነበሩ። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ሁለት ቀን ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤላዊ ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል በአውሮፕላን ሄደ። ከጎንደር ወጣ ብሎ ባለችው ወለቃ መንደር የሸክላ ምስል ዛሬም ለጎብኚ ይሸጣል፤ አሁን የሚሠሩት ግን ሌሎች ሴቶች ናቸው። ነውሩ ከጭቃው እንዳልነበረ እዚያ ቆሞ ማየት ይቻላል።

አሁን ወደ ምኒልክ እንምጣ። ዘውድ የጫኑት በ1882 ዓ.ም. ሽሮ ሜዳና ቀጨኔ ካሉበት ከዚህ ከጉለሌ በላይ፣ እንጦጦ ማርያም ነውና ለጉለሌ ሰው ሩቅ አይደሉም። ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ፣ በ1871 ዓ.ም.፣ አልፍሬድ ኢልግ የሚባል ወጣት የስዊስ መሐንዲስ ወደ ግዛታቸው መጣ። በሰፊው እንደሚተረከው ንጉሡ ሙያውን ሊፈትኑት መጀመሪያ ያዘዙት ጫማ እንዲሠራ ነው። ሠራ። ቀጥሎ ጠመንጃ እንዲሠራ አዘዙት፤ ያንንም ሠራ። ኢልግ እያደር አማካሪያቸው ሆነ፣ የምድር ባቡሩንም ውጥን ያንቀሳቀሰው እርሱ ነው። ያንን ጫማ የአገር ሰው ሠርቶት ቢሆን ኖሮ ምን ይባል እንደነበር እናንተው ታውቃላችሁ። አንድ ሙያ በአንዱ እጅ ሲያዝ ለማዕርግ፣ በሌላው እጅ ሲያዝ ለስድብ ይሆናል።

ንጉሠ ነገሥቱ ይህን ያዩት ይመስለኛል። በጥር 1900 ዓ.ም. ያስነገሩት አዋጅ የሚያነብበውን ሁሉ ያስደንቃል። ብረት የሠራውን፣ ሸማ የሠራውን፣ የነገደውን፣ የጻፈውን ሳይቀር ሕዝቡ ምን እያለ እንደሚሰድበው ስድቡን አንድ በአንድ እየጠራ ይዘረዝረዋል። በአውሮፓ አዲስ ነገር የሠራ ሰው ሲመሰገን በእኛ አገር እንደሚሰደብ፣ ሠራተኛው እየተሰደበ ሥራውን ከተወ አገር ባዶ እንደምትቀር ያስጠነቅቃል። ሁሉም የአዳምና የሔዋን ልጅ መሆኑን ያስታውሳል። ከዚህ ወዲያ ሠራተኛን የሰደበ አንድ ዓመት ይታሰር ብሎ ይደመድማል። መቻቻልንና ዕድገትን በአንድ ገጽ ያገናኘ፣ ከዚያም ቀደም ያለ የመንግሥት ሰነድ በአገራችን ካለ ቢያሳዩኝ ደስ ይለኛል።

አዋጁ ግን ብዙ አልሠራም። ንጉሠ ነገሥቱ ብዙ ሳይቆዩ በሕመም ደከሙ፤ ይህ አንዱ ምክንያት ነው። ዋናው ምክንያት ግን አዋጁ የነካው ምላስን ብቻ መሆኑ ነው። የሰደበ ሊታሰር ይችላል፤ ልጄን ለጠይብ ልጅ አልድርም ያለውን ማን ያስረዋል? ገንዘቡን በመሬትና በሹመት ላይ እንጂ በብረት ማቅለጫ ላይ አላወጣም ያለውን መኳንንትስ? ከቀጥቃጭ ጋር አብሮ አልቀመጥም ያለውን ሊቅስ?

በዚህ በመጨረሻው ላይ ጥቂት ልቆይ፤ የነገሩ ሥር እዚህ አለና። እ.ኤ.አ. በ1757 በስኮትላንድ ግላስጎ ከተማ ጄምስ ዋት የሚባል ወጣት የመሣሪያ ሠሪነት ሱቅ ሊከፍት ፈለገ። የከተማው ብረት ሠሪዎች ማኅበር ከእኛ ጋር በደንቡ አልሠለጠነም ብሎ ከለከለው። ከዩኒቨርሲቲው መምህራን ጥቂቶቹ ግን በግቢያቸው ውስጥ የሥራ ክፍል ሰጡት። ስድስት ዓመት ያህል ቆይቶ ለማስተማሪያ የሚያገለግል አንድ ትንሽ የእንፋሎት ሞተር ተበላሸና እንዲጠግነው ለእርሱ ተሰጠው። ዋት ሲጠግነው ሞተሩ እንፋሎት እንዴት እንደሚያባክን አየ፤ ከዚያ የመጣው ማሻሻያ የእንግሊዝን ፋብሪካዎች ለወጠ። እዚያ ግቢ ውስጥ መዶሻ የያዘና ብዕር የያዘ ሰው በየቀኑ ይገናኙ ነበር። ስለ ሙቀት የሚያስተምረው ፕሮፌሰር ጆሴፍ ብላክ የዋት ወዳጅ ነበር። እዚህስ? ቅኔ የሚዘርፈው ሊቃችን ማረሻውን ለማሳል ወደ መንደሩ ዳር ይልካል እንጂ ወርዶ ብረቱ ለምን እንደሚጠነክር ከሠሪው ጋር አይከራከርም። ሠሪው የሚያውቀውን የሚጽፍለት የለም፤ ጸሐፊው ያየውን የሚሞክርለት የለም። ስለዚህ ዕውቀቱ ከአባት ወደ ልጅ በጆሮና በእጅ ይተላለፋል፤ አባት ቢሞት የያዘው አብሮት ይቀበራል፣ ልጅም ቢበረታ የሚደርሰው አባቱ ደርሶበት እስከነበረው ነው።

ኢኮኖሚስቶች ይህን በራሳቸው ቋንቋ ለማስላት ሞክረዋል። አሜሪካዊው ጋሪ ቤከር እ.ኤ.አ. በ1957 ባሳተመው የመድልዎ ኢኮኖሚክስ መጽሐፉ፣ አድሎ የሚፈጽም ሰው ለአድሎው ከኪሱ እንደሚከፍል አሳየ፤ የተሻለውን ሠራተኛ ትቶ የሚመስለውን የሚቀጥር አሠሪ ትርፉን ይቀንሳልና። የእኔን ዓይን የከፈተው ግን ቻንግ ታይ ሺየና ሦስት ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2019 ያሳተሙት ጥናት ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 በአሜሪካ ከሐኪሞችና ከጠበቆች 94 በመቶው ነጭ ወንዶች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2010 ይህ ቁጥር ወደ 62 በመቶ ወረደ። የማሰብ ችሎታ በቀለምና በጾታ ተመድቦ አይወለድም፤ ስለዚህ ቀድሞ ብዙ ጥሩ ሐኪሞች ማድ ቤት ቀርተው፣ ብዙ ደካማ ሐኪሞች ደግሞ ነጭ ጋውን ለብሰው ነበር ማለት ነው። አጥኚዎቹ በእነዚያ 50 ዓመታት የአሜሪካ የነፍስ ወከፍ ምርት ካደገው ውስጥ ከ20 እስከ 40 በመቶ የሚሆነው ሰው በችሎታው ቦታ በማግኘቱ የመጣ ነው ብለው ገመቱ።

ይህን ሂሳብ ለእኛ የሠራልን የለም። አስቡት ግን። ቀጨኔ ውስጥ የእሳቱን ሙቀት በዓይኗ የምትለካ ልጅ የሴራሚክ ኬሚስት መሆን ትችል ነበር። ሽሮ ሜዳ ውስጥ አራት ቀለም ያለው ጥለት በቃሉ የያዘ ወጣት የሚያደርገው ኮምፒውተር የሚያደርገውን ነው፤ የተወሰነ ትእዛዝ በተወሰነ ቅደም ተከተል ይፈጽማል። በፈረንሳይ ዣካርድ የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1804 ጥለትን በተበሳ ካርድ የሚያዝዝ የሽመና መሣሪያ ሠራ፤ የመጀመሪያዎቹ የማስሊያ መሣሪያዎችም ካርዱን ከዚያ ወረሱት። ሸማኔን የሚንቅ አገር የሚንቀው ምን እንደሆነ አያውቅም።

እዚህ ላይ ከመካከላችሁ አንድ ጠንቃቃ ሰው እጁን ማንሣት አለበት። የትኛው ቀደመ? መቻቻሉ ነው ዕድገቱን ያመጣው ወይስ ዕድገቱ መቻቻሉን? ከዚህም ሌላ፣ ኢትዮጵያ ከ1996 ዓ.ም. በኋላ ባሉት ዓመታት በመንግሥት አኃዝ በየዓመቱ 10 በመቶ ገደማ ስታድግ ሰው ይበልጥ ይቻቻል ነበር እንዴ?

ጥያቄው እውነተኛ ነው፤ በሁለት ቃል አላድበሰብሰውም። መንገድ፣ ግድብና ኮንዶሚኒየም ለመሥራት የሰውን ልብ መለወጥ አያስፈልግም። ብድርና ሲሚንቶ ይበቃል። የሽሮ ሜዳም ታሪክ የሚያሳየው ገበያው ከአክብሮቱ እንደቀደመ ነው። ከተማው ሸማ ፈለገ፤ ሸማኔው መጣ፤ ገንዘብ አገኘ፤ ልጁን ትምህርት ቤት አስገባ። አብዮቱ ደግሞ በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን ሲያውጅ ከጭሰኛው ጋር መሬት አልባውንም የእጅ ባለሙያ አሰበው። ከዚያ የሐበሻ ቀሚስ ፋሽን መጣ። ሞዴሏ ሊያ ከበደ እ.ኤ.አ. በ2007 ለምለም የሚለውን የልብስ ድርጅቷን ስትመሠርት የአዲስ አበባ ሸማኔ ሥራ በኒው ዮርክ ሱቅ ተሰቀለ። በዚህ ሁሉ ውስጥ ስድቡ እየከሰመ ሄደ። ስለዚህ ዕድገት ያለ መቻቻል ሊጀምር ይችላል ለሚለው እጄን እሰጣለሁ። ያለ መቻቻል የመጣ ዕድገት የማይኖረው ጥንካሬ ነው፤ ይህን ወደ ኋላ አሳያችኋለሁ።

ከዚያ በፊት አንድ የማያስደስት ነገር ልናገር፤ በዚህ አዳራሽ ያላችሁ የጋሞ አባቶች ይቅር በሉኝ። ሸማኔው በአዲስ አበባ የተናቀ ነበር። በጋሞ ደጋ ግን ሸማኔው ከገበሬው ጋር ማላ ከሚባለው የሙሉ ባለመብት ወገን ነው። ከእርሱ በታች የተደረጉ አሉ፤ ሸክላ ሠሪዎቹ ማና፣ ቆዳ የሚያለፉትና ብረት የሚቀጠቅጡት ደጋላ ይባላሉ። መጋባቱም፣ አብሮ መቀበሩም፣ በዱቡሻው ሸንጎ መቀመጡም ለረጅም ጊዜ የተከለከሉ ነበሩ። በደል የቀመሰ ሰው ሌላውን አይበድልም ብለን የምናስበው ነገር ከእውነት የራቀ ነው። ንቀት ወደ ታች ይወርዳል። ዝቅ ያለው ሁሉ ከእርሱ የሚያንስ ይፈልጋል፣ ያገኛልም።

ሌላም ልጨምር። የሽሮ ሜዳን ጥለት ርካሽ ከሚያደርጉት እጆች ውስጥ የሕፃናት እጆች አሉ። ከጋሞ ደጋ ትምህርት ቤት ትገባለህ እየተባሉ መጥተው ከማለዳ እስከ ማታ ጉድጓድ አፍ የሚቀመጡ ልጆች ጉዳይ ለብዙ ዓመታት የታወቀ ነው። የሙያው ዋጋ ሲናቅ የሚቀረው መወዳደሪያ ርካሽ ጉልበት ነው፤ ከልጅ የበለጠ ርካሽ ጉልበት የለም። ስለ ሸማኔው ክብር የሚቆረቆር ሰው በዚህ ዝም ካለ የሚቆረቆረው ለጥለቱ ነው።

አሁን ስለ ጥንካሬ የገባሁትን ቃል ልፈጽም። ጉለሌ ከተማዋ ሳትቆረቆር እዚህ ይኖር የነበረ የኦሮሞ ጎሳ ስም ነው። ከዚያ የሸዋ ወታደር ሰፈረ፣ ከዚያ የጋሞ ሸማኔ መጣ፣ ጉራጌው ነጋዴ መጣ፣ ከሰሜን ሸዋ የሸክላ ሠሪዎቹ ቤተሰቦች መጡ። ያለ ፍርድ ቤትና ያለ ባንክ እነዚህን ያስተሳሰራቸው ምንድን ነው? እድሩና እቁቡ ነው። እቁብ የገንዘብ ተቋም ነው፤ የሚቆመው ግን በእምነት ነው። መጀመሪያ ዕጣ የወጣለት ሰው ገንዘቡን ይዞ እንዳይጠፋ የሚያስረው ዋስ፣ ጉርብትናና ነገም አብሮ የመኖር ተስፋ ነው። ተስፋው የሚሠራው ነገም እዚሁ አብረን እንሆናለን ብሎ ሰው ሲያምን ብቻ ነው።

በመስከረም 2011 ዓ.ም. ከጉለሌ በስተምዕራብ በቡራዩና በአካባቢዋ በተነሣው ጥቃት በአሥሮች የሚቆጠር ሰው ተገደለ፣ በሺዎች የሚቆጠርም ተፈናቀለ። ከተጎዱት ብዙዎቹ የጋሞ ተወላጆች ነበሩ፤ ሸማኔዎችም ነበሩባቸው። ወደ አዲስ አበባ ሸሽተው በትምህርት ቤቶች ተጠለሉ። የሞተውን በገንዘብ አንተምነውም። ስለተረፈው ግን አንድ ነገር ልበል። የሸማኔ መሣሪያ ከእንጨትና ከክር የተሠራ ነው፤ ከጥቂት ቀን በኋላ እንደገና ሊገጣጠም ይችላል። የማይገጣጠመው ሌላው ነው፦ ክር በዱቤ የሚሰጠው ነጋዴ፣ ሥራውን አይቶ የሚያዝዘው ደንበኛ፣ ዕጣው ሳይደርሰው ያቋረጠው እቁብ። ይህ ሁሉ በሰውየው ስምና በሰፈሩ ላይ የተከማቸ ካፒታል ነበር፤ ሻንጣ ውስጥ አይገባም። የኡጋንዳ መሪ የነበረው ኢዲ አሚን እ.ኤ.አ. በ1972 የእስያ ተወላጆችን በ90 ቀን ከአገሪቱ ውጡ ሲል ሱቆቹና ፋብሪካዎቹ እዚያው ቀርተው ነበር። ለወታደሮችና ለወዳጆች ታደሉ፤ ብዙዎቹም ባዶ ሆኑ። ሱቅን ሱቅ የሚያደርገው መደርደሪያው ቢሆን ኖሮ ኡጋንዳ በዚያ ዓመት በበለጸገች።

በተቃራኒው የስደተኛውን ስምና ሙያ የተቀበለ ያተርፋል። የፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 14ኛ እ.ኤ.አ. በ1685 የፕሮቴስታንቶችን የእምነት ነጻነት ሲሽር ወደ 200,000 የሚጠጉ ሰዎች ከፈረንሳይ ሸሹ። ከመካከላቸው የሐር ሸማኔዎች ነበሩ፤ በለንደን ስፒታልፊልድስ ሰፈር ገብተው ሥራቸውን ቀጠሉ። የብራንደንቡርጉ መስፍን በዚያው ዓመት በፖትስዳም አዋጅ አውጥቶ ኑልኝ አላቸው። ፈረንሳይ ምን ያህል እንደተጎዳች የታሪክ ሰዎች ዛሬም ይከራከራሉ፤ ለንደንና ብራንደንቡርግ በመጡላቸው ሰዎች መጠቀማቸውን ግን የሚክድ የለም።

የቡራዩ ወሬ በጋሞ አገር አርባ ምንጭ ሲደርስ ምን እንደሆነ ብዙዎቻችሁ በቴሌቪዥን አይታችኋል። ወጣቶች ለበቀል ተነሡ። የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው ወጡና መንገዱ ላይ ተንበረከኩ። በጋሞ ባህል አባት ሣር ይዞ ከተንበረከከ ያን አልፎ መሄድ አይቻልም። ወጣቶቹ ተመለሱ።

ብዙ ሰው ይህን እንደ ልብ የሚነካ ታሪክ ብቻ ይተርከዋል። እኔ እንደ ኢኮኖሚ ክንውን ላየው እፈልጋለሁ፤ አባቶቹ እንደማይቀየሙኝ ተስፋ አለኝ። በዚያ ቀን አንድ ሱቅ ቢቃጠል ኖሮ ከአርባ ምንጭ ሙዝ የሚጭነው የጭነት መኪና ሾፌር መንገዱን ይፈራል። ባንኩ ቅርንጫፉን ይዘጋል። አዲስ አበባ ያለው የጋሞ ሸማኔ ደግሞ የበቀል በቀል ይጠብቃል፤ ማደሪያ እንጂ መሥሪያ አይፈልግም፣ ለሁለት ዓመት የሚያስብ ሰው የነበረው ለሁለት ቀን ማሰብ ይጀምራል። ዕድገት የሚባለው ነገር ደግሞ በአብዛኛው ሰው ለሁለት ዓመት ማሰብ መቻሉ ነው። ያለ ጥይትና ያለ በጀት እንዲህ ያለ ኪሳራ ያስቀረ ተቋም የትኛው መሥሪያ ቤት አለን? ከላይ ጥንካሬ ያልኩት ይህን ነው። ግድብና መንገድ በብድር ይሠራል፤ ሣር ይዞ የሚንበረከክ ሰውና እርሱን አይቶ የሚመለስ ወጣት በብድር አይገኝም። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ይህ ባልነበረበት የአገራችን ክፍል ፋብሪካውና ሆቴሉ በስንት ጊዜ ውስጥ እንደ ወደመ አይተናል።

ይህን የሣር ሥልጣን የያዘው ሸንጎ ግን ያው ማናውንና ደጋላውን ሲያገል የኖረው ዱቡሻ መሆኑን አትርሱ። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ አንዱን ይዤ ሌላውን ልደብቃችሁ አልፈልግም።

በመጨረሻ ወደ ጉድጓዱ አፍ የሚያደርሰን አንድ የሕግ ነገር አለ። ያው 2011 ዓ.ም. በቡራዩ ሐዘን ጀምሮ ሲያልቅ፣ የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ወጣ። እስከዚያ ድረስ ባንክ ብድር የሚሰጠው በአብዛኛው ቤት ወይም መኪና ላስያዘ ነበር። በአዲሱ ሕግ መሣሪያ፣ በመጋዘን ያለ ዕቃ፣ ሊከፈል ያለ ገንዘብ ሳይቀር ዋስትና መሆን ይችላል። በሕጉ ፊት የሽሮ ሜዳ ሸማኔ የሽመና መሣሪያና የገዛው ክር፣ የቀጨኔዋ ሸክላ ሠሪ ለትእዛዝ ያዘጋጀችው ጀበና ንብረት ነው።

ሕጉ ይህን ይላል። አሁን ጉዳዩ ያለው የብድር ማመልከቻውን በሚቀበለው ወጣት ባለሙያ ጠረጴዛ ላይ ነው። ያ ወጣት ኢኮኖሚክስ የተማረ፣ ጋሪ ቤከርን ያነበበ ሊሆን ይችላል። አያቱ ደግሞ ሸክላ ሠሪ ሰፈር ሲያልፉ ልጆቻቸውን በነጠላ ይሸፍኑ የነበሩ ይሆናሉ። ማመልከቻው ሲደርሰው የመሣሪያውን ዋጋ ለመገመት ወደ ቀጨኔ ይወርድ እንደሆነ፣ ወርዶም ከሴትዮዋ ቤት ቡናውን ይጠጣ እንደሆነ፣ ከእናንተ መካከል ባንክ ውስጥ የምትሠሩ ብትነግሩን ጥያቄውን ከዚያ እንጀምራለን።